ትንሿን ማረፊያ እንምረጥ፤ ግን ለመደበቅ አይደለም

ሰሞኑን ከኢስሊ እስከ ጁባ ባሉ ሱቆቻችን አንድ ወሬ ደጋግሞ ይነሳል። «አምስት ስድስት ሆነን አንድ ትንሽ አውሮፕላን ብንከራይ፣ ትልቁን ኤርፖርት ትተን አንዲት ትንሽ ሜዳ ላይ ብናርፍ፣ ሰልፉም ፍተሻውም ይቀርልናል» የሚል ነው። የወሬው የመጀመሪያ ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ያከስረናል። ይህን የምንለው ከዳር ቆመን ለመፍረድ አይደለም፤ ሞክረነው ስለከሰርን ነው።

የምንናገረው ስለ ናይሮቢ ነው። ከሞቃዲሾ ተነሳን ከጁባ፣ ብዙዎቻችን የምናርፈው እዚያ ነውና። ነገሩ ግን ለካምፓላም ለአዲስ አበባም ይሠራል። ዋና ከተማ ባለበት ሁሉ ሰማዩም ዘበኛ አለው። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ሰውዬውን አውቀዋለሁ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ሆነን አንድ አውሮፕላን ተከራየን። ጭነታችን ዕጣን፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስና ጥቂት ካርቶን የስልክ ዕቃ ነበር። ዊልሰን እናርፋለን ብለን ስንነግረው ደላላው ሳቀብን። «እዚያ ምን አደከማችሁ? ከከተማው ወጣ ያለች ሜዳ አለች። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ትወርዳላችሁ፣ መኪናው ይጠብቃችኋል፣ በቃ» አለን። እኛም ደስ አለን። በኪሎ የምንቆጥበውን አሰብን እንጂ ሜዳዋ ከውጭ አገር ለሚመጣ በር መሆኗን አልጠየቅንም።

በር አልነበረችም። ጉምሩክ የለም፣ ኢሚግሬሽን የለም፣ ማህተም የሚመታ ሰው የለም። መኪናው መጣ፤ ከመኪናው በኋላ ግን ፖሊስ መጣ። «ሰውዬው» ስልኩን አጠፋ፣ ደላላውም አጠፋ። ዕቃው ሃያ ሦስት ቀን ተያዘ። ቀረጡ፣ ቅጣቱና የመጋዘን ኪራዩ ሲደመር የአንዳንዳችን ካርቶን ከማስለቀቅ መተው ይሻል ነበር፤ ተውነውም።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ የአውሮፕላኑን ወረቀት ማየት ቻልን። የተመዘገበው ለግል አገልግሎት ነው። ሰውና ዕቃ በኪራይ ለመጫን ፈቃድ የለውም። ኢንሹራንሱም ከፍሎ ለተሳፈረ መንገደኛ አይሠራም። በዚያ ቀን ሞተሩ ቢቆም ኖሮ ለልጆቻችን አንዲት ሳንቲም የሚከፍል አልነበረም ማለት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠን።

ከስድስታችን አንዷ እህታችን ያን ወር ዕቁብ ደርሷት ሙሉውን ይዛ የገባችበት ንግድ ነበር። ዕቁብ ደግሞ ከበሉት በኋላ የሚከፈል ነው። ሱቋን ዘግታ፣ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች፣ ቀሪውን አሥራ አንድ ወር ከፈለች። አንድም ዙር አላጓደለችም። ደላላው ግን ዛሬም ሻይ ቤት ተቀምጦ «ሰውዬውን አውቀዋለሁ» እያለ ነው።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ አቋራጭ ያልነው መንገድ የራሳችንን ገመድ ነው ያሳጠረው።

ሰማዩ ለምን ይጠበቃል?

«ለአምስት ካርቶን ሽቶ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን?» የሚሉ አሉ። ጥበቃው ለሽቶው አይደለም።

ኢስሊ ሱቅ ያለን ሰዎች የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤቶች ነን። ኤምባካሲ ያለው የዛሬው ትልቁ ኤርፖርት በ1958 እስኪከፈት ድረስ የናይሮቢ መንገደኛ የሚያርፈው በዚያው በኢስሊ ሜዳ ነበር። ዛሬ የአየር ኃይል ነው፤ ሲቪል አይደርስበትም። በነሐሴ 1982 የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ያደረጉት የአየር ኃይሉ አባላት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ተዋቀረ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ከተማ ወደ ሰማዩ ሲያይ በመደበኛ ዓይን አያይም።

በኅዳር 2002 ከሞምባሳ በተነሳ የእስራኤል መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ሚሳይል ተተኮሰ፤ ሳተው እንጂ መቶው ቢሆን ብዙ ሰው ያልቅ ነበር። በየካቲት 2016 ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ የተነሳ የዳሎ አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። የአውሮፕላኑ ጎን ተቀደደ፣ አንድ ሰው ወደ ውጭ ተወረወረ፣ አብራሪዎቹ ግን መልሰው በሰላም አሳረፉት። ይህ እኛ ራሳችን የምንሳፈርበት መስመር ነው። ከእኛ በፊት የገባው ሻንጣ በደንብ መፈተሹን ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን።

የወረቀትን ነገር የሚንቅ ደግሞ በርዳሌን ያስታውስ። በግንቦት 2020 የሕክምና ዕቃ የጫነ አንድ የኬንያ ትንሽ አውሮፕላን በደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ በርዳሌ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ። ስድስት ሰው ሞተ። የተኮሱት የኢትዮጵያ ወታደሮች እንደነበሩ፣ ስለ በረራው እንዳልተነገራቸውና ለጥቃት የመጣ እንደመሰላቸው የአገራችን ጦር ለአፍሪካ ኅብረት በጻፈው አምኗል። ስለ ጥፋተኝነቱ ብዙ ሊባል ይችላል። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ በሚጠበቅ ሰማይ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ትንሽ አውሮፕላን እንደ ጠላት ነው የሚታየው። ደላላው «ሳናስመዘግብ እንገባለን» ሲለን የሚያስገባን ወደዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ነው።

ታዲያ ትንሽ ማረፊያ ለምን እንመርጣለን?

ትንሽ ማረፊያ ጥቅም ስላለው ነው። ጥቅሙ ግን መደበቅ አይደለም። ናይሮቢ ላይ ትክክለኛዋ ትንሽ ማረፊያ ዊልሰን ናት። በ1929 አየር መንገድ ባቋቋመች ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን በተባለች ሴት ስም ነው የምትጠራው። ለከተማው መሀል ቅርብ ናት፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑትም፣ ነዳጅ የሚሞሉትም፣ የሚከራዩትም እዚያ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን አላት። ማለትም በር ናት። ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ትልቁ ኤርፖርት ላይ በትልልቆቹ መሀል ተራ ከመጠበቅ ይልቅ ዊልሰን ወርዶ፣ ማኒፌስት አሳይቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ በተመሳሳይ ቀን ኢስሊ መግባት ይቻላል። ትንሿን መምረጥ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ስህተት በኋላ አውሮፕላን ከመከራየታችን በፊት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉን። እናንተም ውሰዷቸው።

አንደኛ፣ ማረፊያዋ ከውጭ አገር ለሚመጣ የተፈቀደች በር ናት? «የአገር ውስጥ በረራ ይቀበላል» ማለት መልስ አይሆንም። ጉምሩኩና ኢሚግሬሽኑ እኛ በምንደርስበት ቀንና ሰዓት ይኖራሉ ወይ ነው ጥያቄው። የምግብ ወይም የእህል ጭነት ካለን የተክልና የጤና ተቆጣጣሪውም አብሮ ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ አከራዩ ሰውና ዕቃ በክፍያ ለማጓጓዝ የሚያስችል የአየር ኦፕሬተር ሰርተፊኬት አለው? ኢንሹራንሱ የምንሄድበትን አገር ይሸፍናል? ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች የጦርነት ቀጣናን ለይተው ያስወጣሉ። ወረቀቱን በዓይናችን ሳናይ ቀብድ አንከፍልም። «ወረቀቱ ቢሮ ነው» ያለ ሰው ቢሮው ድረስ እንሄድለታለን።

ሦስተኛ፣ አውሮፕላኑ ጭነታችንን ይዞ መመለስም ይችላል? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞቃዲሾ ባሕር ዳር ናት፤ ዊልሰን ግን ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ መንደርደሪያዋም 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል፣ አውሮፕላኑም ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ከሞቃዲሾ በቀላሉ የተነሳ ክብደት ከዊልሰን በቀትር ላይነሳ ይችላል። «ትንሽ ጨምሩበት፣ ይችላል» የሚለው ደላላ እንጂ አብራሪው አይደለም። አብራሪው «ይህ ካርቶን ይቅር» ካለ ይቀራል። የሚከራከር ሰው በእኛ ቡድን ውስጥ ቦታ የለውም።

አራተኛ፣ ሰዓቱ። ትንሽ ማረፊያ እንደ ትልቁ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ከሞቃዲሾ ናይሮቢ በቀጥታ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በነጠላ ሞተር ካራቫን ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ አርፍዶ የተነሳ ሰው ዊልሰን ሲደርስ ዝግ ሊጠብቀው ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ትልቁ ኤርፖርት መዞር ሊመጣ ነው፤ ክፍያውና የትራንዚተሩ ጉዳይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳንፈራረም አንነሳም።

አምስተኛ፣ የዕለቱ ማስታወቂያ። አብራሪዎች ኖታም ይሉታል። መሪዎች ሲሰበሰቡ ወይም እንግዳ ሲመጣ ሰማዩ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ቦሌ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የለንም። ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታው የድሮ ማረፊያ ነው፤ ዛሬ ግን በሩ ቦሌ ብቻ ነው። ምርጫ ያለን ናይሮቢ ላይ ነው። ያለንንም እንዳናጣው እንጠንቀቅ።

ስድስተኛ፣ መጨናነቁ። ዊልሰን ገነት አይደለችም። ተማሪ አብራሪዎችና መንገደኛ የጫኑ አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ይዞራሉ። በመጋቢት 2024 አንዲት የልምምድ ሴስና ወደ ዲያኒ ከተነሳ መንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭታ ሴስናው ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞተዋል። ትልቁ አውሮፕላን በሰላም ተመለሰ። ስለዚህ ትራንስፖንደሩ የማይሠራ፣ ሬዲዮው የሚንጫጫ አውሮፕላን በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አንሳፈርም።

አሁን ወደ መንግሥታቱ

እስካሁን የተናገርነው ለራሳችን ነው። ግን ጥፋቱን ሁሉ በራሳችን ላይ ደፍተን ዝም አንልም። ደላላው የሚያተርፈው መንግሥታት በሩን እንደፈለጉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው።

የዋጅርን ጉዳይ እንውሰድ። ከሶማሊያ ወደ ናይሮቢ የሚመጣ አውሮፕላን መጀመሪያ ዋጅር አርፎ፣ መንገደኛው ወርዶ፣ ሻንጣው ተራግፎ ተፈትሾ እንዲቀጥል የሚለው ደንብ ለዓመታት ሠርቷል። ቆይቶ ላላ። በግንቦት 2019 ድንገት ተመለሰ። የተሰጠው ምክንያት ጸጥታ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አገሮች በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በባሕር ወሰን ተጣልተው ኬንያ አምባሳደሯን ጠርታ ነበር። በኅዳር 2019 ፕሬዚዳንቶቹ ተገናኝተው ሲታረቁ ቀጥታው በረራ ተመለሰ። በግንቦት 2021 ደግሞ ዋጅርም ቀረና በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው በረራ፣ ከዕርዳታና ከሕሙማን በስተቀር፣ ለሦስት ወር ታገደ ተባለ። ሦስት ወሩ ሳይሞላ በሰኔ ተነሳ።

እኛ የምንጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው። በጥቅምት 2019 አደገኛ የነበረ ሻንጣ በኅዳር ምን አግኝቶ ሰላማዊ ሆነ? ፍተሻው ለጸጥታ ከሆነ መሪዎች ሲጨባበጡ መቅረት አልነበረበትም። ለጸጥታ ካልሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ በእኛ ኪስ መሠራት አልነበረበትም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው፤ ሣሩ ደግሞ እኛ ነን።

ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩት ዋጅር ሩቅ አይደለችም። ከሞቃዲሾ በዋጅር አድርጎ ናይሮቢ መግባት በቀጥታ ከመምጣት የሚበልጠው በ60 እና በ70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወጪው ያለው ከመንገዱ ርዝመት ላይ አይደለም። ወርዶ እንደገና ለመነሳት የሚቃጠለው ነዳጅ፣ የማረፊያው ክፍያ፣ የሚጠፋው ግማሽ ቀንና አስቀድመን ያልነው የዊልሰን መዝጊያ ሰዓት ናቸው የሚገድሉን። ትልቅ አየር መንገድ ይህን በመቶ ቲኬት ላይ በትኖ ይከፍለዋል። ስድስት ነጋዴ ግን ለስድስት ነው የሚካፈለው። ያም ሆኖ ደንቡ ቋሚ ቢሆን ዋጋችንን በዚያው እናሰላለን። ማስላት የማንችለው ማታ ተኝተን ጠዋት የሚለወጠውን ነው።

የሚራን ነገርም ጨምሩበት። ከዊልሰን ወደ ሶማሊያ ይበሩ የነበሩት የሚራ አውሮፕላኖች በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት በሶማሊያ በኩል ሲታገዱ፣ በሽታው ጋብ ካለም በኋላ እገዳው ቀጠለ። የተነሳው በሐምሌ 2022 በመሪዎች ስምምነት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ የሜሩ ገበሬ፣ የጫኚው፣ የአብራሪውና የሞቃዲሾዋ ቸርቻሪ ገቢ በዲፕሎማሲ ገመድ ታስሮ ቆየ። አንድ ወገን ብቻ አይደለም በሩን የሚጫወትበት፤ ሁለቱም ናቸው።

«ሌላውም አገር እንዲሁ ነው» ለሚሉን

እዚህ ላይ አንድ መልስ ሁልጊዜ ይሰጠናል፦ «አሜሪካም ዋና ከተማዋን ትዘጋለች።» አዎ፣ ትዘጋለች። ከእኛ የበለጠ ትዘጋለች። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ዘመዶቻችን በዚያ በተዘጋ ሰማይ ሥር ነው የሚኖሩት። እንግዲያው አዘጋጉን እንየው።

ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ በዋሺንግተን ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ልዩ ደንብ ያለው ክልል ሆኗል። በ2009 ቋሚ ሕግ ተደረገ። እዚያ ለመግባት የበረራ ዕቅድ፣ በትራንስፖንደር የሚነበብ የዕለቱ መለያ ቁጥርና ከተቆጣጣሪ ጋር የሬዲዮ ግንኙነት ግዴታ ነው። ከመሀል ባለው ጠባብ ክበብ ውስጥ በሜሪላንድ በኩል የቀሩት ትንንሽ ማረፊያዎች ሦስት ነበሩ። አንዷ ኮሌጅ ፓርክ ናት፤ ከ1909 ጀምሮ ያለማቋረጥ የምትሠራ። እዚያ ማረፍ የሚፈልግ አብራሪ አሻራ ይሰጣል፣ የኋላ ታሪኩ ይጠናል፣ ካለፈ የራሱ የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በዚያች ቁጥር የበረራ ዕቅዱን አስገብቶ ይበራል። ለከተማው በጣም ቅርብ በሆነው ሬገን ኤርፖርት ለማረፍ የሚፈልግ የግል አውሮፕላን ደግሞ በ2005 በወጣው ሥርዓት አስቀድሞ ከተወሰኑ ኤርፖርቶች በአንዱ ተፈትሾ፣ የታጠቀ ጠባቂ ይዞ ነው የሚገባው። እንግዲህ አሜሪካም የራሷ ዋጅር አላት ማለት ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ደንቡ ተጽፏል። ማንም አንብቦት ፈተናውን በኢንተርኔት ይወስደዋል። ከየትኛው ኤርፖርት ተነስቶ የት እንደሚፈተሽ ከወራት በፊት ያውቃል። ዋሺንግተን ከአንዱ አገር ጋር በተጣላች ቁጥር የኮሌጅ ፓርክ ባለ ሴስና መንገዱ አይለወጥበትም።

ያ ደንብ ጽድቅ ነው አላልንም። ከሦስቱ አንዷ ሃይድ ፊልድ በ2022 ተዘግታለች። እንዲህ ባለ ክበብ ውስጥ ትንሽ ማረፊያ ሆኖ መኖር ቀላል አይደለም። በግንቦት 2005 መንገድ የሳቱ ሁለት ሰዎች በትንሽ ሴስና ወደ መሀል ሲቃረቡ የምክር ቤቱ ሕንፃና ዋይት ሐውስ ሰው እንዲወጣ ተደርጓል፤ የጦር አውሮፕላኖች ተነስተው ሴስናዋን አስገድደው መለሷት። ከባድ ደንብ ነው። ግን ከባድ ደንብና የማይታወቅ ደንብ አንድ አይደሉም። ከባዱን ነጋዴ ይችለዋል። የማይታወቀውን የሚችለው ደላላ ብቻ ነው።

ደላላውና ድንገተኛው እገዳ

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚህ ነጥብ ነው። «ሰውዬውን አውቀዋለሁ» የሚለው ደላላና «ከነገ ጀምሮ ተዘግቷል» የሚለው ትእዛዝ ተቃራኒ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የሚኖሩት ደንብ በሌለበት ነው። በሩ ድንገት ሲዘጋ የደላላው ዋጋ ይጨምራል። ደላላው በጓሮ ባስገባ ቁጥር ደግሞ መንግሥት «አየህ፣ እነዚህ ኮንትሮባንዲስቶች ናቸው» ብሎ ለመዝጋት ምክንያት ያገኛል። በመሀል የምንፈጨው ማኒፌስት ይዘን የተሰለፍነው ነን።

አንዳንድ ወገኖቻችን እንዲህ ይሉናል፦ «ደንብ ለትልልቆቹ ነው። እኛ በደንብ ብንሄድ ቀረጡም ወረፋውም ይጨርሰናል።» ቀረጡ እንደሚከብድ እናውቃለን። እኛም እንከፍለዋለንና። ግን ሒሳቡን እንሥራ። በደንብ ያስገባነው ጭነት ትርፉ ቀጭን ነው፤ ግን ከወር ወር ይመላለሳል። በጓሮ ያስገባነው አምስት ጊዜ ቢያተርፍ በስድስተኛው ጊዜ ዋናውን ይዞ ይሄዳል። እህታችንን ጠይቋት። በዚያ ላይ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሲሰረቅ አቤት አይባልበትም፣ ብድር አይጠየቅበትም፣ ለሕጋዊ ገዢ አይሸጥም።

ሌሎች ደግሞ «አውሮፕላን መከራየት የሀብታም ጉዳይ ነው፤ ይህ ምን ያገባናል?» ይላሉ። የሀብታም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ስድስት ሆነን ባልተከራየን ነበር። መንገዱ በኬላና በጸጥታ ችግር ሲቆረጥ፣ ዕቃው የሚበላሽ ሲሆን፣ በዓል ሲደርስ፣ ተደራጅቶ መከራየት የትንሽ ነጋዴ መላ ነው። ለዚህ ነው እንዲጠፋብን የማንፈልገው።

የምንለው

ለመንግሥታቱ የምንለው አጭር ነው። ሰማያችሁን ጠብቁ፤ መብታችሁ ነው፣ እኛንም ይጠብቀናል። ግን ደንቡን ጻፉት። ከየት የመጣ አውሮፕላን የት እንደሚፈተሽ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አስቀድማችሁ አውጡት። በየቋንቋችንም ይለጠፍ። መለወጥ ካለበት ቀን ቁረጡለት፤ አየር ላይ ያለንና ቀብድ የከፈልን ሰዎች እንዳለን አስቡ። አንድ ጊዜ ተጣርቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ በየወሩ በንጹሕ ማኒፌስት የሚመላለስ ነጋዴ እንደ አዲስ ተጠርጣሪ የማይታይበት መዝገብ ይኑር። እናንተ በባሕር ወሰን ስትከራከሩ የእኛን ሽቶ መያዣ አታድርጉት።

ለራሳችን የምንለው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ከአሁን በኋላ በእኛ ቡድን ውስጥ በር ባልሆነ ሜዳ ላይ ለማረፍ የሚስማማ ሰው የለም። ርካሽ ቢሆንም የለም። ደላላው የማን ዘመድ ቢሆንም የለም። ከመክፈላችን በፊት ሰርተፊኬቱንና ኢንሹራንሱን አንድ ሰው ያያል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ደግሞ ያየዋል። የመንገደኛው ዝርዝርና የካርቶኑ ቁጥር ልክ ካልሆነ አውሮፕላኑ አይነሳም። በማኒፌስቱ ላይ ያልተጻፈች አንዲት ከረጢት «የወንድሜ ናት፣ አድርሱልኝ» ተብላ ብትመጣ እንኳ አትጫንም። ይህ ለወንድምም ለእህትም ይሠራል።

እህታችን ዕቁቧን ከፍላ ጨርሳ ሱቋን መልሳ ከፍታለች። ባለፈው ሰሞን አዲስ ቻርተር ስንዶልት ከእኛ ቀድማ የጠየቀችው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል አልነበረም። «ጉምሩክ እስከ ስንት ሰዓት ነው ያለው?» ነው ያለችው። ደላላ ሲመጣባችሁ እናንተም ከዚህ ጀምሩ።